ስለ ኒኮላስ ኬጅ ልከራከር

ባሕር ዳር ውስጥ የፊልም ወሬ ከተነሳ የአሜሪካዊው ተዋናይ የኒኮላስ ኬጅ ስም ሳይጠራ አይቀርም። ሠላሳን የተሻገረው ሰው በቪዲዮ ቤት ዘመን አይቶታል። ከዚያ በታች ያለው ደግሞ በስልኩ ያውቀዋል፤ ዓይኑን አፍጥጦ የሚጮህባቸው አጫጭር ቅንጭቦች ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ሁለቱም ወገን ግን አሁን አሁን የሚሉት አንድ ነው። «ድሮ ጎበዝ ነበር፣ አሁን ያገኘውን ሁሉ ይሠራል።» ቀጥሎ ሌላው ይመጣል። «ደግሞ ያካብዳል። ይጮሃል፣ ይንቀጠቀጣል። ይሄ ትወና ነው?»

አዎ፣ ትወና ነው። ለዚህ ነው የምከራከረው።

ሁለቱ ክሶች በእኔ ዓይን አንድ ናቸው። ከ100 በላይ ፊልም መሥራቱም፣ በአንድ ትዕይንት ውስጥ ሌላው ተዋናይ የማይደፍረውን ያህል መጮሁም ከአንድ ጠባይ ይመነጫሉ። ሰውየው ራሱን አይቆጥብም። ጉልበቱን ለነገ፣ ክብሩን ለሚቀጥለው ፊልም አያስቀምጥም። ያለውን ዛሬ ያወጣዋል። ይህ ጠባይ እዚህ ጣና ዳር ትወና ለጀመሩ ልጆች በጣም ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ሰውየውን እንወቀው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የትውልድ ስሙ ኒኮላስ ኪም ኮፖላ ነው። በጃንዋሪ 1964 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሎንግ ቢች በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ኦገስት ኮፖላ የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ነበሩ። እናቱ ጆይ ቮገልሳንግ ዳንሰኛ ነበሩ፤ ልጃቸው ትንሽ ሳለ ግን በከባድ ድብርት እየታመሙ ሆስፒታል ይገቡ ነበር። አጎቱ ደግሞ «ዘ ጎድፋዘር»ን ያዘጋጀው ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ነው።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ አጎት ቢኖረው ስሙን ይዞ በየበሩ ያንኳኳበታል። እሱ ተቃራኒውን አደረገ። በ1982 በወጣው የመጀመሪያ ፊልሙ ላይ ስሙ ኮፖላ ተብሎ ተጻፈ። አብረውት የነበሩ ወጣት ተዋናዮች በአጎቱ ፊልም ይነካኩት ጀመር። ስሙን ቀየረ። ኬጅ የሚለውን የወሰደው ሉክ ኬጅ ከተባለ የኮሚክ መጽሐፍ ጀግና ነው፤ ጆን ኬጅ የተባለውን ወጣ ያለ የሙዚቃ ደራሲም ያነሳል። በ1983 «ቫሊ ገርል» ላይ በአዲሱ ስም መጣ። አጎቱ ከዚያም በኋላ በፊልሞቹ አሠርቶታል። በር አልተከፈተለትም ማለት አይቻልም። ከገባ በኋላ ያለውን ግን ማንም አልሠራለትም።

በ1984 «በርዲ» በተባለው ፊልም ከቬትናም ፊቱ ቆስሎ የተመለሰ ወታደር ነበር። ለዚያ ሲል ጥርሱን አስነቀለ። ፊቱ ላይ የተጠመጠመለትን ፋሻ ካሜራው ከጠፋ በኋላም ሳይፈታ ለሳምንታት ኖረበት። በ1986 «ፔጊ ሱ ጎት ሜሪድ» ላይ ከልጆች ካርቱን የተወሰደ፣ በአፍንጫው የሚወጣ ድምፅ ይዞ መጣ፤ የፊልሙ ባለቤቶች ሊያባርሩት ደርሰው ነበር። «ቫምፓየርስ ኪስ» ላይ ደግሞ በረሮ በላ። እውነተኛ፣ የሚንቀሳቀስ በረሮ።

ገና በሃያዎቹ ውስጥ ነበር። በረሮ መብላት ትወና አይደለም። ጥርስ ማስነቀልም ማንንም ጥሩ ተዋናይ አያደርግም። ማንም ልጅ ይህንን እንዲኮርጅ አልፈልግም፤ በረሮውን እሱ ራሱ በኋላ ተጸጽቶበታል። እኔን የሚገርመኝ ግን አንድ ነገር ነው። በዚያ ዕድሜው፣ ያን መልክና ያን ቤተሰብ ይዞ፣ ቆንጆ ሆኖ ብቻ መታየት ይችል ነበር። አልፈለገም። መሳቂያ መሆንን አልፈራም።

እኛ ጋ የደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1996 «ዘ ሮክ» ወጣ። በ1997 «ኮን ኤር» እና «ፌስ ኦፍ» ተከታተሉ። እነዚህ ፊልሞች በካሴት፣ ኋላም በቪሲዲ ወደ ቪዲዮ ቤቶቻችን ገቡ። አግዳሚ ወንበር፣ በጨርቅ የተጋረደ መስኮት፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥን። የትርጉም ፊልም ገና አልመጣም። አብዛኛው ተመልካች እንግሊዝኛው አይገባውም ነበር። የሚገባው ፊቱ ነው።

ይህንን ነጥብ አጥብቄ ልያዘው። ንግግሩ ሳይገባው ታሪኩን ተከትሎ የሚወጣ ተመልካች ጎበዝ ተመልካች ነው። ፊት ያነባል፣ ትከሻ ያነባል፣ አረማመድ ያነባል። «ፌስ ኦፍ»ን አስቡት። ኬጅ መጀመሪያ ካስተር ትሮይ የተባለ አሸባሪ ነው። ጆን ትራቮልታ ደግሞ ልጁ በዚህ ሰው እጅ የሞተበት የኤፍቢአይ ሰው። ከዚያ ፊታቸው በቀዶ ሕክምና ይለዋወጣል። ከዚህ በኋላ ኬጅ የሚጫወተው በጠላቱ ፊት ውስጥ የተቀረቀረውን ደጉን ሰው ነው። እስር ቤት ውስጥ ሲደባደብ ካስተር ትሮይ ነኝ እያለ የሚጮህበት ቦታ አለ። አፉ ይስቃል፤ ዓይኑ ግን ሊያለቅስ ደርሷል። ክፉ መምሰል አለበት፣ ክፉ መምሰሉ ደግሞ ያመዋል። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ፊት ላይ ሲጣሉ ታያላችሁ። አንድ ቃል እንግሊዝኛ የማያውቅ ልጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ «እሱኮ አሁን አክተሩ ነው» ብሎ ጎኑ ላለው ማስረዳት ይችል ነበር። ኬጅ በለሆሳስ ቢተውነው ኖሮ ያ ልጅ ግራ በተጋባ ነበር።

የዚያን ጊዜው ተመልካች «ያካብዳል» አላለም። ይህ ወቀሳ የመጣው ኋላ ነው፤ ፊልሞቹን በሙሉ ማየት ትተን ቅንጭባቸውን ማየት ስንጀምር።

ተዋናይ ልክ በመንገድ ላይ እንደምናየው ሰው መምሰል አለበት የሚለው ሐሳብ የአንድ የትወና ትምህርት ሐሳብ ነው። ጥሩ ትምህርት ነው፤ ትልልቅ ሰዎች አፍርቷል። ብቸኛው ግን አይደለም። ኬጅ ልጅ እያለ አባቱ የድሮ የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልሞችን ያሳዩት ነበር። በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ ግድግዳው ይጣመማል፣ ጥላው ከሰውየው ይረዝማል፣ ፍርሃት ጣትና ጥፍር አውጥቶ ይታያል። ሰው ውስጡ የሚሰማው ወደ ውጭ ወጥቶ ቅርጽ ይይዛል። ኬጅ የራሱን አተዋወን ከጃፓኑ የካቡኪ ቲያትር ጋርም ያያይዘዋል። ሠዓሊ እውነታውን አጣምሞ መሳል ከተፈቀደለት ተዋናይ ለምን ይከለከላል የሚል ክርክርም ደጋግሞ ያነሳል።

ይህ ክርክር ለጣና ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገሩና ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግቡ። የመቅደሱን ግድግዳ ተመልከቱ። ቅዱሳኑ ፊት ለፊት ያዩናል፤ ዓይናቸው በማንም ሰው ፊት ላይ የማናየውን ያህል ትልቅ ነው። ክፉዎቹ በጎን ተስለዋል፣ በአንድ ዓይን። እዚያ ቆሞ ሠዓሊው አካበደ የሚል ሰው አላየሁም። ሠዓሊው የሚነግረን የሰውየውን መልክ ሳይሆን የነፍሱን ነገር መሆኑን ከልጅነታችን እናውቃለን። ማንም ትምህርት ቤት አላስተማረንም። እናቶቻችን እጃችንን ይዘው ሲያሳዩን ገባን።

ፉከራንም አስቡ። ጎጃም ውስጥ አንድ ሠርግ ላይ አንድ ሽማግሌ «ዘራፍ!» ብሎ ይነሳል። ከደቂቃ በፊት ጠላውን ይዞ ስለ ዝናቡ ቀስ ብሎ ሲያወራ የነበረ ሰው ነው። ድምፁ ይቀየራል። የአንገቱ ሥር ይገተራል። ዱላውን ይዞ ወደፊት ይላል፣ ወደኋላ ይላል፣ አባቱን ይጠራል፣ አያቱን ይጠራል። ሰው በየቀኑ እንዲህ አይናገርም። ሽማግሌው ግን እየዋሸ አይደለም። እንዲያውም ያን ቀን ከተናገረው ሁሉ እውነተኛው ያ ነው፤ ቤቱም አብሮት ይነሳል።

አሁን «ማንዲ» ወደተባለው ፊልም ልምጣ። በ2018 የወጣ ነው። ኬጅ ጫካ ውስጥ ከሚወዳት ሴት ጋር የሚኖር እንጨት ቆራጭ ነው። ክፉ ሰዎች መጥተው ዓይኑ እያየ በእሳት ያቃጥሏታል። እሱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በውስጥ ሱሪው መታጠቢያ ቤት ይገባል። የቮድካ ጠርሙስ ያወጣል። ይጠጣል። ቁስሉ ላይ ያፈሳል። ይጮሃል። ጩኸቱ የሰው አይመስልም። ትንሽ ዝም ይላል፣ ይቀመጣል፣ ያለቅሳል፣ እንደገና ይጮሃል። ካሜራው አይሸሽም፤ ቆሞ ያየዋል።

ይህ ትዕይንት በየስልኩ እንደ መሳቂያ ይዞራል። እኔ ሳየው የታወሰኝ ለቅሶ ቤት ነው። ልጇ የሞተባት እናት መርዶ ስትሰማ አይታችኋል? አንዲት ዘለላ እንባ በጉንጯ ላይ አውርዳ አታቆምም። ትወድቃለች። መሬቱን ትደበድባለች። ድምጿ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ከዚያ ድንገት ዝም ትላለች፤ ስለ አንድ ተራ ነገር ታወራለች፤ ቁርስ ሳይበላ እንደወጣ፣ ጫማው የት እንዳለ። ከዚያ እንደገና ይመጣባታል። ሙሾ አውራጇም ስትነሳ በቀስታ አትነሳም። ሐዘን እኛ አገር ቁመት አለው፣ እጅ አለው፣ ደረት ይመታል። ኬጅ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ያደረገው ይህንን ነው። ለቅሶ የሚያውቅ ሰው እዚያ ላይ እንዴት እንደሚስቅ አይገባኝም።

ደግሞ ከዚያ ትዕይንት በፊት ባለው ረጅም ጊዜ ውስጥ ኬጅ እምብዛም አይናገርም። ጩኸቱን ብቻ ቆርጦ የሚልክልን ሰው ዝምታውን አልላከልንም። ዝምታውን ያላየ ሰው ስለ ጩኸቱ ሊፈርድ አይችልም።

ከመጮህ ሌላ አያውቅም የሚል ካለ «ሊቪንግ ላስ ቬጋስ»ን ይይ። በ1995 ማይክ ፊጊስ በትንሽ በጀት፣ ሱፐር 16 በሚባለው ቀጭን ፊልም የቀረጸው ነው። ኬጅ ቤን የተባለ የፊልም ጸሐፊ ሆኗል። ሥራውንና ቤተሰቡን አጥቷል። ያለውን ሸጦ እስኪሞት ሊጠጣ ላስ ቬጋስ ይሄዳል። የመጽሐፉ ደራሲ ጆን ኦብራየን ይህንን ሕመም ከራሱ ያውቀው ነበር፤ ፊልሙን ሳያይ በ1994 ሕይወቱን አጥፍቷል። ኬጅ ሰካራም እንዴት እንደሚናገር ለማጥናት ራሱ ጠጥቶ ጓደኛው በቪዲዮ እንዲቀርጸው አድርጎ ነበር።

በፊልሙ ውስጥ ቤን ባንክ ሄዶ ቼክ ሊመነዝር ይፈልጋል። መፈረም አለበት። እጁ ይንቀጠቀጣል። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ አያርፍም። የባንኳ ሠራተኛ እያየችው ነው። ምንም ትልቅ ነገር አይሆንም። ወጥቶ ይጠጣል፣ ተመልሶ ይመጣል። ኬጅ እዚህ ላይ አይጮህም፣ ዓይኑን አያፈጥም። ማፈሩን ለመደበቅ የሚሞክር ሰው ብቻ ነው። ጠዋት የመጀመሪያዋን የአረቄ መለኪያ እስኪያገኝ እጁ የማይታዘዘው ሰው በየሰፈሩ አለ። ባሕር ዳርም አለ። በእኛ ፊልሞች ውስጥ ሰካራም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሊያስቀን ነው። ይንገዳገዳል፣ ይሳደባል፣ ይወድቃል። እጁን ያየለት የለም። ኬጅ እጁን አየው። በማርች 1996 ኦስካር የተሸለመውም በዚህ ፊልም ነው።

«ሎርድ ኦፍ ዋር»ን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በ2005 ወጣ። ኬጅ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ በየጦርነቱ ለሁለቱም ወገን ይሸጣል። ፊልሙ የሚጀምረው ከአንዲት ጥይት ነው። ከፋብሪካ ትወጣለች፣ ትታሸጋለች፣ ባሕር ትሻገራለች፣ በመጨረሻ አፍሪካ ውስጥ አንድ ሕፃን ልጅ ግንባር ላይ ታርፋለች። ለቀረጻው 3,000 እውነተኛ ጠመንጃ የገዙት አስመስሎ ከማሠራት ስለረከሰ ነው። ኬጅ በዚህ ፊልም ውስጥ በጣም ደስ የሚል ሰው ነው፤ ፈገግ ይላል፣ ያግባባል፣ ክራቫቱን ያስተካክላል። የሚያስፈራውም ይህ ነው። በ2006 ደግሞ ለቀድሞ ሕፃናት ወታደሮች መርጃ 2 ሚሊዮን ዶላር ለአምነስቲ ኢንተርናሽናል ሰጠ። በአማራ ክልል ውስጥ ተቀምጦ ይህንን ፊልም የሚያይ ሰው ለምን እንደምጠቅሰው ይገባዋል።

አሁን ወደ ትልቁ ወቀሳ። «ያገኘውን ሁሉ ይሠራል።»

ከኦስካሩ በኋላ ኬጅ በሆሊውድ ብዙ ከሚከፈላቸው አንዱ ሆነ። ገንዘቡን በተነው። ጀርመን ውስጥ ግንብ ገዛ፣ እንግሊዝ ውስጥ ግንብ ገዛ፣ ባሃማስ ውስጥ ደሴት ገዛ። በ2007 የዳይኖሰር ራስ ቅል በ276,000 ዶላር በጨረታ ወሰደ፤ ቅሉ ከሞንጎሊያ በኮንትሮባንድ የወጣ መሆኑ ሲታወቅ በ2015 እንዲመለስ ተስማማ። ይህን ሁሉ ከገዛ በኋላ የቤት ዋጋ ወደቀ። በ2009 የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠየቀው። ሌላም ዕዳ ነበረበት። ገንዘቡን የበተነው ራሱ ነው። ለዚህ አላመሰግነውም።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ግን ይመሰገናል። በአሜሪካ ሕግ ኪሳራ አውጆ ከዕዳ መውጣት ይቻላል። ብዙ ባለሀብት ያደርገዋል። እሱ አላደረገም። ሠራ። በዓመት ሦስት አራት ፊልም እየሠራ ከፈለ። አብዛኞቹ ሲኒማ ቤት ሳይገቡ በቀጥታ ወደ ዲቪዲና ወደ ኢንተርኔት የሄዱ ፊልሞች ናቸው። በ2022 ጂኪው ለተባለው መጽሔት ዕዳውን ከፍሎ መጨረሱን ነገረው። የታመሙ እናቱን ወደ ተቋም ላለማስገባት የሚያወጣው ወጪም እንደነበረበት ጨምሮ ተናገረ።

እኛ ዘንድ ዕዳን ሠርቶ መክፈል ክብር ነው። ገበሬው ዕዳ ለልጁ ጥሎ እንዳይሞት ይለፋል። ነጋዴው የሰው ገንዘብ ይዞ መንገድ ላይ መታየት ያፍራል። ኬጅ ሲያደርገው ለምን እንደ ውርደት እንደምንቆጥረው አላውቅም። ዕድሜው ሃምሳን አልፎ፣ ኦስካር ቤቱ እያለ፣ ስሙን ማንም የማያስታውሰው ፊልም ላይ ጠዋት ተነስቶ ሜካፕ የሚቀባ ሰው ነበር። ሥራን አልናቀም።

ከእነዚያ ፊልሞች መካከል መጥፎዎች አሉ። ብዙ ናቸው። በ2014 የወጣውን «ሌፍት ቢሃይንድ»ን ማንም እንዲያይ አልመክርም። ታሪኩ የላላ፣ ውይይቱ የደረቀ፣ ተዋናዩን የሚያግዝ ምንም የሌለው ፊልም ብዙ ሠርቷል። ነገር ግን ፊልሙ መጥፎ ሲሆን ተዋናዩም ተኝቷል ማለት አይደለም። ኬጅ ምንም ብሠራ ከልቤ ነው የሠራሁት ይላል፤ ብዙዎቹን አይቼ አምኜዋለሁ። መጥፎ ፊልም ውስጥ እንኳን አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይሞክራል። አረማመድ ይቀይራል፣ ድምፅ ይፈልጋል። ደግሞ ያ «የወደቀበት» የተባለው ጊዜ በ2013 «ጆ»ን ሰጠን። «ማንዲ»ን ሰጠን። በ2021 ደግሞ «ፒግ»ን።

«ፒግ» ላይ ልቆይ። ስሙ አሳማ ማለት ስለሆነ ብዙ የእኛን ተመልካች ገና ከርቀት እንደሚያርቅ አውቃለሁ። እባካችሁ ለዚህ ብላችሁ አትተዉት። ሮብ የሚባል ሰው ጫካ ውስጥ ብቻውን ይኖራል። ውድ የሆነውን ትራፍል የተባለ እንጉዳይ አሽትታ የምታወጣለት አሳማ አለችው። አሳማዋን ይሰርቁበታል። ሊፈልጋት ወደ ፖርትላንድ ከተማ ይወርዳል። ያኔ ቀስ በቀስ ይህ የቆሸሸ ሰው በአንድ ወቅት የከተማው ታላቅ ሼፍ እንደነበር እንረዳለን።

ተመልካች ሁሉ የሚጠብቀው ኬጅ ጠመንጃ አንስቶ ሲፈጃቸው ነው። አያነሳም። ይመቱታል፤ እጁን ወደኋላ አድርጎ ይመታል። አንድ ውድ ምግብ ቤት ውስጥ ገብቶ ከባለሙያው ጋር የሚያወራበት ትዕይንት አለ። ያ ሼፍ በአንድ ወቅት ሮብ ጋ ይሠራ ነበር። ሮብ ድምፁን ሳያነሳ አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ ልትከፍት ትፈልግ የነበረው ቤት የት ደረሰ? ሰውየው ይስቃል፣ ከዚያ ሳቁ ይደርቃል፣ ከዚያ ፊቱ ይፈርሳል። የራሱን ሕልም ትቶ ሌሎች የሚፈልጉትን ሲያበስል እንደኖረ ገባው። ኬጅ በዚህ ጊዜ ሁሉ አልተንቀሳቀሰም ማለት ይቻላል። ፊቱ በደረቀ ደም ተሸፍኗል፣ ዓይኑ ግን ያዝናል፤ ለዚያ ሰው ያዝንለታል።

የ«ፒግ» አዘጋጅ ማይክል ሳርኖስኪ ይህ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ነበር። ኬጅ ስም የሌለውን ወጣት አዘጋጅ አልናቀም። ማንኛውንም ሥራ የሚያነብ፣ ለማንኛውም ሰው በር የሚከፍት ተዋናይ መሆኑ ነው እዚያ ያደረሰው። «ያገኘውን ሁሉ ይሠራል» የምንለው ጠባይ ባይኖረው «ፒግ» አይኖርም ነበር።

ለባሕር ዳር ልጆች የምናገረውም ከዚህ ተነስቼ ነው።

እዚህ ከተማ ውስጥ የሚተውኑ ልጆች አሉ። ሙሉዓለም የባህል ማዕከል መድረክ ላይ የወጡ አሉ። ለቴሌቪዥንና ለሬዲዮ ድራማ የሚሠሩ አሉ። በስልክ ካሜራ ቀርጸው ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ የሚጭኑ ደግሞ ብዙ ናቸው። ችሎታ አላቸው። ሁለት ነገር ግን ይይዛቸዋል።

አንዱ «ይሄ ለእኔ አይመጥንም» ማለት ነው። አዲስ አበባ ሄጄ ትልቅ ፊልም እስካገኝ እጠብቃለሁ ይላሉ። የማስታወቂያ ሥራ ይመጣል፣ ይተዉታል። የጓደኛቸው አጭር ፊልም ይመጣል፣ ካሜራው ርካሽ ነው ይላሉ። ሲጠብቁ ዓመት ያልፋል። ትወና በጥበቃ አይሻሻልም። የሚሻሻለው በመተወን ነው፤ በመጥፎ ስክሪፕትም ጭምር። እንዲያውም መጥፎ ስክሪፕት የሌለውን ነገር ከራስ እንድታመጡ ያስገድዳል።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው። «ሙድ ይያዝብኛል።» ለቅሶ ትዕይንት ሲመጣ ፊታቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ንዴት ሲመጣ ቅንድባቸውን ብቻ ያነሳሉ። ለምን ሲባሉ «እንዳላካብድ» ይላሉ። እነዚህ ልጆች የጎጃም ልጆች ናቸው። ፉከራ ሰምተው፣ ሙሾ ሰምተው፣ የጣናን ሥዕሎች እያዩ አድገዋል። ቤታቸው ውስጥ ይህን ያህል ሀብት እያለ በቴሌቪዥን ያዩትን ቀዝቃዛ አተዋወን ይኮርጃሉ። ጩኸት የሚገባው ቦታ አለ፣ ዝምታ የሚገባው ቦታ አለ። ኬጅ ሁለቱንም ያውቃል፤ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ይሄድባቸዋል። መሃል ላይ መቆም ነው የማይሆነው።

ለእኛ ለተመልካቾችም አንድ ልመና አለኝ። አንድ የሰፈራችን ልጅ ድፍረት ያለው ነገር ሲሞክር የሃያ ሰከንድ ቅንጭብ ቆርጠን አንሳቅበት። ሙሉውን እንይለት። ካልተሳካለት ለምን እንዳልተሳካ እንንገረው። ያ ልጅ በሚቀጥለው ሥራው ፊቱን በእጁ የሚሸፍነው እኛ ስለሳቅንበት ነው።

ኬጅን በደንብ ማየት ለምትፈልጉ በ«ፌስ ኦፍ» ጀምሩ፤ ትርጉም አያስፈልጋችሁም። ቀጥሎ «ሊቪንግ ላስ ቬጋስ»፣ ከዚያ «ፒግ»። «ማንዲ» ደም የበዛበት ስለሆነ ልጆች ባሉበት አትክፈቱት። የምትተውኑ ልጆች ደግሞ «ሊቪንግ ላስ ቬጋስ» ላይ የባንኩ ትዕይንት ሲደርስ መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ እጁን ብቻ ተከታተሉ። ከዚያ ድምፁን ከፍታችሁ ድገሙት።